አረንጓዴዋ ሽቦ

ሂርማታ ነው ሱቄ፣ ከብየዳ ቤት ጎን፣
ሞተር አስነሳለሁ ጠቅልዬ ሽቦውን፤
የጀልባን ደዌ ግን ከየት አውቀዋለሁ?
እስከ ዛሬ ድረስ ዋና እፈራለሁ።

ነዚፍ ግን ደወለ፦ «ጀልባዬ ታማለች፣
ማዕበል ሳይነካት ቆማ ተበልታለች፤
አውጥተን ብናያት ሆዷ ተበሳስቷል፣
የፈንጣጣ ፊት ነው፤ ውሃው ገብቶ ተኝቷል።»

ቦዬ ስደርስ ጭቃው አንድ ጫማዬን ዋጠ፤
ጉማሬው ከደንገሉ አይቶኝ ገላመጠ።
አሉሚኒየም ናት፣ ግንድ ላይ ተደፍታለች፤
ቀን ሙሽራ ጭና ስታዞር ትውላለች፣
ማታ በረዥም ሽቦ ከየብስ ትጠባለች፤
ባትሪዋ እንዲሞላ፣ ፍሪጇ እንዳይሞት፣
ተሰክታ ታድራለች ከዘበኛው ቤት።

ሽቦውን ስገልጠው ሦስት እህትማማች፦
ቀይዋ ስታመጣ ጥቁሯ መላሽ ነች፤
አረንጓዴዋ ግን ሥራ ፈት መሳይ፣
ቀን ሲጎድል እንጂ ዘወትር የማትታይ።
ለካስ እሷ ኖራለች በስውር ያጋባች፣
የጀልባዋን ገላ
ውሃ ውስጥ ከቆመው ከመሳፈሪያው ፌሮ ያግባባች።
ውሃው ሽማግሌ፣ ሽቦዋ ቀለበት፤
ፌሮው ሳይዝግ ኖረ በጀልባዋ ሕይወት።

«ዚንክ አስረንላት ነበር፣ ቀድሞ እንዲበላላት፤
ነጭ ቅርፊት ለብሶ ተኝቶ ቀረባት።»
ዚንክ የጨው ባሕር ሰው ነው፣ እዚህ ሰንፎ ያድራል፤
ለቦዬ ዓይነት ውሃ ማግኒዥየም ይሻላል።
እሱም ቢሆን ያልቃል፣ ሽቦዋ እያለች፣
የወደቡን ብረት ሁሉ እያስቀለበች።

ዘበኛው አባ ዱራ ቢላውን መዘዘ፦
«ጠላት ይቺ ከሆነች…»
እጄ እጁን ያዘ።
«አይሆንም፣ አባቴ።
ቀይዋ አንድ ቀን ተልጣ ገላዋን ስትነካ፣
ሕፃን እግሩን ሰዶ ውሃውን ሲለካ፣
ያንን ሞት ተቀብላ መሬት የምትቀብር
ይቺው ናት። ሌላ ዘበኛ የለንም።»
ብትኖር ትበላለች፣
ብትሄድ ታስገድላለች።

እዚህ ላይ ነው ድንገት ትዝ ያለችኝ ዙበይዳ፣
ታላቄ፣ የተሸከመች የትምህርቴን ዕዳ፤
የጓዳዋን ቆርቆሮ አስነቅላ ሽጣ፣
የጅማን ክረምት ሙሉ በላስቲክ ሥር ተቀምጣ።
ማታ ደወልኩላት፦ «አንቺን የሚመስል
ከጀልባ ሆድ ታስሮ አየሁ፤ ሌላው እንዳይቆስል
ራሱን የሚያስበላ።»
ሳቀች። «ተወኝ» አለች፣ «ያ ሲያልቅ ይፈታል፣
በብሎን ሌላ ይገባል፤ እኔን ማን ይተካል?
ጥርሴ እንኳን ወልቆ ቀርቷል።
ይልቅ አንተ፣ ወንድሜ፣ ማታ ማታ ደውለህ
ኪራይ ጨመረ ብለህ፣ ራሴን አመመኝ ብለህ፣
ሚስቴ አኮረፈች ብለህ፣
ጠብታ ጠብታውን እኔ ላይ አራግፈህ
አንተ ትተኛለህ፤ እኔ ነኝ የማነጋው።
ትንሹን እዚያው አስቀር። ለትልቁ ደውል፣
ለሞት፣ ለወሊድ፣ ያኔ ሌሊትም ቢሆን
በሬ አይዘጋም፤ እመጣለሁ።»

በማግስቱ ሱቄን ከፈትኩ፤ ከሞተ ስታቢላይዘር
አራት ዳዮድ ፈታሁ፣ በትልቅ ቁራጭ ብረት ላይ ላስር፤
ሁለቱን ወደ ውጭ፣ ሁለቱን ወደ ውስጥ አዞርኩ፣
አረንጓዴዋ መሃል፣ በሷ መንገድ ላይ አኖርኩ።
«የምታላምጠዋን ኮረንቲ፣ ትንሿን፣ አታሳልፉ፤
መዓት የመጣ ቀን ግን በሩን ወለል አድርጉ፣ አትሰልፉ።»
ቆጣሪዬን ሰካሁ፣ ነዚፍ አንገቱን አሰገገ፤
መርፌዋ ተንቀጥቅጣ ዜሮ ላይ ተኛች።
አባ ዱራ ቢላውን በሸንኮራ ላይ አዋለ፣
ለእኔም አንድ አንጓ ቆረሰልኝ።

ሰባት ማታ አለፈ። ስልኬን አነሳና
አስቀምጠዋለሁ፤ ያው ትንሽ ነው ነገሩ፣
ጣሪያ አፈሰሰ፣ ደንበኛ ብር ካደ፣ አለ ጉንፋን ደግሞ፣
በሩን ዘጋሁበት።
በስምንተኛው ማታ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት፣
ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ስልኬ ጮኸ።
ዙበይዳ ናት። ልቤ ደነገጠ፦ ማን ሞተ?
«ማንም» አለች። «ማንም አልሞተም።
ምነው ጠፋህ?»